ቫይረሱ ያጎበጠው ግድግዳ

በልጅነቴ ሥራ ነበረኝ። ደመወዝ አልነበረውም እንጂ ከሥራም ሥራ ነበር። እማማና አባባ ስለማይነጋገሩ የአንዱን ቃል ለሌላው የማደርሰው እኔ ነበርኩ። እማማ አያቴ ናት፣ አባባ ደግሞ ባሏ። እናትና አባቴ ሥራቸው ሌላ ከተማ ስለነበር ያደግሁት እነሱ ጋ ነው፤ ያውም ሁለቱንም አንቱ ሳይሆን አንቺና አንተ እያልኩ፣ በቅምጥልነት።

"ለአያትሽ ምሳ ቀርቧል በይው" ትላለች እማማ፣ አባባ ከጠረጴዛው ማዶ እጁን ታጥቦ እየጠበቀ።

ዞር እልና "አባባ፣ ምሳ ቀርቧል" እላለሁ።

"እግዜር ይስጥልኝ በያት።"

"እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሏል።"

"ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም በይው።"

እንዲህ እያልን ምሳው ይቀዘቅዛል። እኔ ግን ቅር አይለኝም ነበር። ያለ እኔ ያ ቤት አንድ ቀን እንደማያድር ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ እምል ነበር። ትምህርት ቤት ተቀምጬ እንኳ እነዚህ ሰዎች አሁን ምን ይሆኑ ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ፤ ደወል ሲደወል እንደ ትልቅ ሰው እየተጣደፍኩ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ጸቡን ያመጣው ጡረታ ነው። አባባ ዕድሜውን ሙሉ የመጋዘን ኃላፊ ነበር። ጡረታ ሲወጣ መጋዘኑ እዚያው ቀረ፣ ኃላፊነቱ ግን አብሮት ቤት ገባ። እማማ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ስትመለስ ኩሽናዋን አላወቀችውም። በጨው ቦታ ስኳር፣ በስኳር ቦታ ሳሙና። ድስቶቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። በየመደርደሪያው ወረቀት ተለጥፏል፤ ሽንኩርት እንኳ መለያ ቁጥር ወጥቶለታል። በመጋዘን ደንብ አስቀድሞ የገባ ዕቃ አስቀድሞ ስለሚወጣ፣ የትናንቱ ዳቦ ሳያልቅ የዛሬው እንዳይነካ ታዟል። ይህን ሁሉ እማማ ስቃ ታልፈው ነበር። ያላለፈችው የካርቶኖቹን ነገር ነው።

እማማ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዓይኗ ደክሞ ሙያውን ብትተውም ጨርቅ ላይ አስቀምጣ ልብስ የምትቀድባቸውን የካርቶን ልኮች፣ የእጅጌውን፣ የአንገቱን፣ የብብቱን፣ ሁሉንም በገመድ አስራ አልጋ ሥር አስቀምጣ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ በገዛ እጇ የሳለቻቸው ናቸው። አባባ አያቸውና በመጋዘን ቋንቋ "አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት" አላቸው። አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት ደግሞ ይወገዳል። ጓሮ ወስዶ አቃጠላቸው።

"የት ሄዱ?" አለች እማማ፣ አልጋው ሥር ተንበርክካ።

"ቤቱን አስተካከልኩልሽ እኮ!" አለ አባባ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጡም። እኔ ሰው በካርቶን ይጣላል እንዴ ብዬ በጣም ገረመኝ። መፍትሔውም ቀላል መሰለኝ። ከሱቅ ለምኜ አንድ እቅፍ የጫማ ካርቶን አመጣሁላት። እማማ እቅፌን አየችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ደስ ብሏት ነው ብዬ በማግስቱም ጨምሬ አመጣሁ።

አባባን ከኩሽና ለማራቅ የተነሳው አጎቴ ነው። አጎቴ የእነሱ የመጨረሻ ልጅ ሲሆን ሥራው ኮምፒውተር መጠገን ነው። መሥሪያ ቤቱ የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር፣ ያንን ጀርባው የተቆዘረ ስክሪን ያለውን፣ ተሸክሞ መጣና ሳሎኑ ጥግ ላይ ተከለው። ውስጡ አንድ ጨዋታ ነበር፣ ፒንቦል። ትንሽ የብረት ኳስ በሽቦ ሞላ ተስፈንጥራ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ በተዳፋቱ ሜዳ ላይ ከዚህም ከዚያም እየተጋጨች፣ ደወል እየመታች፣ ነጥብ እየሰበሰበች ትወርዳለች። ታች ያሉት ሁለት መምቻዎች ካልመለሷት መሃል ላይ ያለው ጉድጓድ ይውጣታል። የዚህኛው ልዩነቱ ሜዳውን የሚሠራው ተጫዋቹ ራሱ መሆኑ ነው። በስክሪኑ ግርጌ ግድግዳው፣ ደወሉ፣ አስፈንጣሪው ክብ ሁሉ ተደርድሯል፤ በማውዝ እያነሱ ባዶው ሜዳ ላይ ማስቀመጥ ነው። ግድግዳ ቢፈልጉ ይዘው ይጎትቱታል፣ ይታጠፋል። ሜዳው ምን ያህል ያዝምም፣ ኳሷ ምን ያህል ትንጠር፣ እሱም በእጅ ነው።

አባባ በመልክ በመልኩ የተደረደረ ዕቃ ሲያይ ዓይኑ በራ። ቀኑን ሙሉ ሲያነሳ ሲጥል ዋለና "ነይ እይ!" ብሎ ጠራኝ።

የሠራው ፒንቦል ሳይሆን መጋዘን ነው። በግራና በቀኝ ቀጥ ያለ ግድግዳ፤ ደወሎቹና አስፈንጣሪዎቹ ግድግዳውን ተጠግተው በሰልፍ፤ መሃሉ ላይ ጋሪ የሚያሳልፍ ሰፊ መተላለፊያ። ኳሷ ተስፈንጥራ ወጣች፣ በመተላለፊያው መሃል ለመሃል ወረደች፣ ጉድጓድ ገባች። ነጥብ ዜሮ።

"አየሽ?" አለ አባባ። "አንድም ዕቃ አልነካችም!"

"አባባ፣ መንካት አለባት እኮ።"

"እኔ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጋጭ ሠራተኛ አላቆይም ነበር።"

እማማ ከሶፋዋ ላይ ሆና አንገቷን መዘዝ አደረገች። "ለአያትሽ፣ ኳሷን ሊያጫውታት ነው ወይስ ሊቀብራት በይው።"

አደረስኩ። አባባ ጉሮሮውን ጠረገና መልስ የለኝም በያት አለኝ። መልስ የለኝም ማለትም መልስ ስለሆነ እሱንም አደረስኩ።

አባባ ጠዋት ጠዋት እግሩን ሊያፍታታ ይወጣል። አንድ ቀን ተመልሶ ሜዳውን ሲከፍት የቀኙ ግድግዳ ጎብጧል። ከላይ ወደ ውጭ ተለጥጦ፣ ከዚያ ሰብሰብ እያለ የሚወርድ ልስልስ ያለ ኩርባ። አባባ ኳሷን ለቀቃት። እንደ ወትሮዋ ጉድጓድ መግባት ሲገባት በኩርባው ተንሸራታ መሃል ተመለሰች፣ ደወል መታች፣ ተስፈነጠረች፣ ሌላ ደወል መታች። ነጥቡ ይሮጥ ጀመር። እኔ በደስታ ዘለልኩ። አባባ ግን ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ ያንን ኩርባ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ ተከተለው፤ እንደገናም ተከተለው። ፊቱ ልውጥውጥ አለ።

"ማን ነው ይህን የነካው?"

"አፈር ስሆን፣ እኔ አይደለሁም!"

ተቆጥቶ ነው ብዬ ምላሴን ዋጥኩ። ያንን ጣት ዛሬ ሳስታውሰው የተቆጣ ሰው ጣት አልነበረም። ያኔ ግን የጣትን ነገር የማውቀው በጥፊ ብቻ ነበር።

አባባ አጎቴ ጋ ደወለ። አጎቴ ሥራ ላይ ስለነበር ለመገላገል ያህል "ቫይረስ ይሆናል፣ መጥቼ አጸዳዋለሁ" አለው። ጉድ ፈላ! ቫይረስ ምን እንደሆነ አስተማሪያችን ነግራን ነበር፤ በንክኪ ይተላለፋል፣ ንፍጥና ሳል ያመጣል። ማውዙን በሳሙና ጨርቅ ወለወልኩት። የጎረቤት ልጆችን በር ላይ ቆሜ መለስኳቸው። አልቀረልኝም። በማግስቱ አፍንጫዬ ተዘጋ፣ ትኩሳት ያዘኝ። ከኮምፒውተሩ እንደያዘኝ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። ከትምህርት ቤት ቀርቼ፣ አንድ ሐሙስ የቀረኝ መስሎኝ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቼ እያለሁ አባባ ለእግር ጉዞው ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከሳሎን የደወል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ሳቅ።

ብርድ ልብሴን እየጎተትኩ ሄጄ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። እማማ ናት። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ የልብስ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ሜትሩን ስክሪኑ ላይ ትዘረጋለች፣ ትለካለች፣ ማውዙን እንደ ትኩስ ካውያ በጥንቃቄ ይዛ ግድግዳውን ትጎትታለች። "ብብቱ ጋ ለቀቅ... ወገቡ ጋ ሰብሰብ... እንዲህ ነዋ!" ኳሷን ትለቅና ደወሉ ሲጮህ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ካርቶኖቹ ከተቃጠሉ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ወዲያው ገባኝ፣ ማለቴ የገባኝ መሰለኝ። ብድር እየመለሰች ነው። ኩሽናዬን እንዳተራመስክ ሜዳህን አተራምሳለሁ ማለቷ ነው። ግማሹን ትክክል ነበርኩ። እስከ ዛሬ በሕይወቴ ትልልቅ ስህተት የሠራሁት ግማሹን ትክክል በሆንኩበት ጉዳይ ነው።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። እማማ በስልክ አጎቴን "በቃኝ፣ አንተ ጋ መጥቼ እኖራለሁ፣ ክፍሉን አዘጋጅልኝ" ስትለው ሰምቻለሁ። ቀዩ ሻንጣዋም ከቁም ሳጥኑ አናት ወርዷል። አሁን አባባ ሜዳውን የምታበላሽበት እሷ መሆኗን ካወቀ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ በር ላይ ያስቀምጥላታል ብዬ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። እናም ቤቱን ለማዳን ቆርጬ ተነሳሁ። አባባ ሲመለስ ፊቱ ቆሜ "ቫይረስ ነው፣ እኔንም ይዞኛል!" አልኩትና አፍንጫዬን በማስረጃነት አሳየሁት።

አባባ አፍንጫዬን አየ። ከዚያ ስክሪኑን አየ። ከዚያ ወንበሩ ላይ የተረሳውን የልብስ ሜትር አንስቶ ጠቅልሎ ሶፋው ላይ አስቀመጠው።

"ከባድ ቫይረስ ነው" አለ።

አመነኝ ብዬ ተነፈስኩ።

ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር።

"ለአያትሽ ንገሪያት፣ ቫይረሱ ትናንት ደወሉን ከፍ አድርጎ ነው የሰቀለው። ኳሷ አትደርስበትም።"

"እማማ፣ ቫይረሱ ደወሉን ከፍ አድርጎ..."

"ሜዳውን ያን ያህል ባያዘምመው ትደርስበታለች ይላል ቫይረሱ፣ በይው።"

"እማማ፣ ቫይረስ ይናገራል እንዴ?"

"ቢናገር ይላል ማለቴ ነው። ዝም ብለሽ አድርሺ!"

አባባ ዳቦው ትን አለውና ረጅም ሳል ሳለ። እሱንም ቫይረሱ ያዘው ብዬ ደነገጥኩ። በማግስቱ ግን የሜዳው ተዳፋት ለስለስ ብሎ አገኘሁት፤ ያንን ያደረገው አባባ ነው፣ ዓይኔ እያየ። ቫይረሱ ያዘዘውን መታዘዝ መጀመሩ በጣም አሳሰበኝ።

የባሰው ደግሞ ቀጠለ። አባባ የግራውን ግማሽ በመጋዘን ደንቡ ቀጥ አድርጎ ይሠራና የቀኙን ባዶ ይተወው ጀመር። "ይሄስ?" ስለው "ይቆይ" ይለኛል። ባዶ መደርደሪያ ሲያይ ራሱን የሚያመው ሰው! አረጀ፣ አቅሙ አለቀ ብዬ አንጀቴን በላው። ጠዋት ሲወጣ ባዶ የተወው ቀኝ፣ ሲመለስ በኩርባ ተሞልቶ ይጠብቀዋል። እሱም ኮፍያውን ሳያወልቅ ሄዶ ይከፍተዋል። ሰውዬው ከእግር ጉዞው እየቸኮለ ይመለስ እንደነበረ የገባኝ ጠጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው።

አንድ ቀን እማማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ "ለአያትሽ፣ ነገ ልጄ መጥቶ ይወስደኛል በይው" አለች።

ከመልእክቶቼ ሁሉ መንገድ ላይ ጥዬው በቀረ ብዬ የተመኘሁት ያንን ነው። መንገዱ ግን ከሶፋው እስከ ኮምፒውተሩ ነው፣ የት ይጣላል። አደረስኩ። አባባ እጁን ከማውዙ ላይ አነሳ።

"መንገዱን ያቅናላት በያት" አለ።

እማማ ትከሻዋ ወረደ። ሌላ ነገር ጠብቃ ነበር። አባባም ማውዙን ሳይነካ እዚያው እንደተቀመጠ ቀኑ አለፈ። እኔ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

በማግስቱ አጎቴ መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ፍሎፒ ዲስክ ኪሱ ውስጥ ይዞ መጣ። በአንድ መንገድ ሁለት ሥራ፤ ቫይረሱን ሊያጠፋ፣ እናቱን ሊወስድ። እማማ ኮቷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ ሳሎኑ መሃል ቆማለች።

"መጀመሪያ ይሄን ላጽዳው" አለ አጎቴ። "ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ነው የምጭነው። ሜዳዎቹ ይጠፋሉ፣ ምን ችግር አለው፣ ሌላ ትሠራለህ አባባ።"

እጁን ወደ ኪቦርዱ ሲሰድ አባባ መዳፉን እጁ ላይ ጫነበት።

"አትንካ።"

"አንተው አይደለህ እንዴ ቫይረስ አለ ያልከኝ?"

"አትንካ አልኩህ! ሳላስፈቅድ አንድ ጊዜ አስወግጃለሁ። እሱ ይበቃኛል።"

ከዚያ ወንበሩን ወደ እማማ አዞረ። መልእክት ሊሰጠኝ ነው ብዬ ፈጥኜ መሃላቸው ቆምኩ። አባባ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አያት።

"ይሄን ግድግዳ ለምን አጎበጥሽው?"

"እማማ፣ ይሄን ግድግዳ ለምን..."

"ሰምቻለሁ!" አለች እኔን። ከዚያ እሱን፣ ራሱን፣ ፊት ለፊት እያየች፦ "እንዳትወድቅ ነዋ! አንተ እንደሆነ በቀጥታ ጉድጓድ ነው የምትሰዳት!"

አጎቴ ጨው ሆኖ ቀረ።

"ብብት ነው ይሄ" አለ አባባ። "የእጅጌ ብብት።"

"ነው።"

"የማን?"

"የማን ይሆናል? የሠርግህ ኮት ነዋ፣ እኔ የሰፋሁልህ። ካርቶኑን ብታቃጥለው ከእጄ የሚጠፋ መሰለህ?"

"ያየሁት ዕለት ነው ያወቅሁት።" አለ አባባ። "አጥፍቻለሁ። ሳልጠይቅሽ ማቃጠል አልነበረብኝም። ሥራሽን ነው ያቃጠልኩት፣ አሁን ገብቶኛል። አትሂጂብኝ።"

እማማ ቦርሳዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "ታዲያ ይህን ለማለት ይህን ያህል ጊዜ?"

"አንቺስ በቫይረስ ስታሳብቢ?"

"ማን ነው በቫይረስ ያሳበበው? አንተ ነህ እንጂ! በየምሳው ቫይረሱ እንዲህ አደረገ፣ ቫይረሱ እንዲያ አደረገ!"

"ደወሉን ከፍ ሲያደርግ ምን ልበል ታዲያ?"

"ደወሉ ልክ ነበር! የግራው ግድግዳህ ነው ያበላሸው፣ እሱንም አጉብጠው!"

"የግራው የኔ ነው። አይነካም!"

"ኮት በአንድ እጅጌ ይለበሳል እንዴ? አንተ ክንድህ አንድ ነው?"

ድምፃቸው ቤቱን አናወጠው። እማማ ኮቷን ሶፋው ላይ ወርውራ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ማውዙን ከእጁ መነተፈችው፤ እሱ መልሶ ነጠቃት። ቤቱ ፈረሰ አልኩ በሆዴ። ያ ሁሉ ድካሜ ከንቱ ቀረ። እያነባሁ ቀዩን ሻንጣ እየጎተትኩ ወደ በሩ ወሰድኩትና አጎቴን በኮቱ ይዤ "ቶሎ ውሰዳት፣ ሳይደባደቡ!" ብዬ ጮህኩ።

አጎቴ በሩን ተደግፎ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል።

"ተጣሉ እኮ!" አልኩት።

"አዎ፣ ተጣሉ" አለኝ። "ተመስገን ነው።"

ሰው ሲጣላ ተመስገን የሚል ሰው በማየቴ አጎቴም በቫይረሱ ተነክቷል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ሻንጣውን ከእጄ ተቀብሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ መለሰው፤ መኪናውን ባዶውን አስነስቶ ሄደ። ያ ኮምፒውተር ዛሬ እኔ ቤት ነው፣ ሲሻው ይነሳል። የመጨረሻውን ሜዳ አንዳንዴ እከፍተዋለሁ። ቀኙ ጎባጣ፣ ግራው እንደ መጋዘን ቀጥ ያለ ነው። ያ ክርክር እስከ ዕለተ ሞታቸው አላለቀም፣ ሁለቱም አልተረቱም።

የዚያን ዕለት ምሳ ቀረበ። እኔ እንደ ወትሮዬ መሃላቸው ተቀመጥኩ። እማማ አባባን አየችና "ለአያትሽ..." ብላ ጀመረች። ወገቤን ቀና አድርጌ ጠበቅኩ። አቋረጠችው። በራሴ ላይ አሻግራ እጇን ዘረጋችለት።

"ዳቦ ልስጥህ?"

"የትናንቱ አልቋል?"

"አላለቀም። ትኩሱን ብላ።"

"እሺ" አለ አባባ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ትኩሱን ዳቦ ተቀብሎ እየገመጠ።

ይህ ሁሉ ነገር በአናቴ ላይ ሄዶ በአናቴ ላይ ተመለሰ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ፤ ሆዴ ባሰኝ፣ እንባዬ ሾርባዬ ውስጥ ይንጠባጠብ ጀመር።

"ምን ሆንሽ?" አሉኝ ሁለቱም፣ እኩል፣ በአንድ አፍ።

"ቫይረሱ ነው" አልኳቸው።